ፍሬን የምትረግጠው እግር

የመኪና መንዳት አስተማሪዋ የምትኖረው በምላሷ ነው የሚሉ ነበሩ። ውሸት ነው፤ የምትኖረው በቀኝ እግሯ ነው። በእሷ ወንበር በኩል ያለችውን ሁለተኛ ፍሬን የምትረግጠው በእሱ ነው።

ይህ እግር ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ አመፀባት። የወር አበባዋ ሲመጣ ከመቀመጫዋ እስከ ተረከዟ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል፤ ከዚያ ይደነዝዛል። አንዱ ሐኪም ወገቧን ራጅ አስነሣት። ሌላው ቅባት አዘዘላት። ሦስተኛው ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳይነቅል፣ "ስትወልጂ ይተውሻል" አላት። እግሩን ያመመውን ወንድ "ውለድ" ያለ ሐኪም እስካሁን አልተሰማም!

ታላቅ እህቷ እየጎተተች ወደ አንዲት የማህፀን ቀዶ ሐኪም ወሰደቻት።

"መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?" አለች ሐኪሟ።

አስተማሪዋ የቀጠሮ ደብተሯን አወጣች። "ይኸው ዶክተር። በሚያመኝ በነዚህ ቀናት ጀማሪ አልይዝም፤ ለፈተና የደረሱትን ብቻ ነው።"

"ውሸቷን ነው!" አለች እህቷ። "እኔን መሪ መያዝ ሳልችል በነዚያ ቀናት ነው የቀጠረችኝ። ውርስ ፈልጋ ነው።"

ሐኪሟ ሳቀች። ደብተሩን ስታገላብጥ ግን ሳቋ ጠፋ፤ ሠላሳ ስድስት ወር ሙሉ አንድም አልተዛነፈም።

ምርመራው የሐኪሟን ጥርጣሬ አረጋገጠ። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ በቅሎ፣ ከዳሌ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ አንቆታል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሉታል።

"ነርቩን ከሥጋው ፈልቅቄ አላቅቀዋለሁ" አለች ሐኪሟ። "ከተጎዳ ግን እግርሽ ሊዝል ይችላል።"

"ካልተሠራሁስ?"

"ቀስ በቀስ መዛሉ አይቀርም።"

አስተማሪዋ የስምምነት ወረቀቱን ፈረመች።

ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ እግሯ የሌላ ሰው እግር መሰላት። ስድስት ሳምንት በእግሯ ላስቲክ እየገፋች ስትለማመድ እህቷ፣ "ዛሬስ ትንኝ ትጨፈልቂያለሽ?" እያለች አናደደቻት።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ባለ ጎማ ወንበሯን ስባ መዳፏን ከአስተማሪዋ እግር ሥር አደረገች።

"ግፊኝ።"

አስተማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ወንበሩ ሐኪሟን ይዞ ተንሸራተተና ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጋር ተላተመ።

"ኧረ ቀስ!" ጮኸች እህቷ። "ሌላ ሐኪም የለንም!"

"ትንሿ የእግር ጣትሽስ ይሰማሻል?" አለች ሐኪሟ ክርኗን እያሻሸች።

"አይሰማኝም።"

"እሷ ለመመለስ ትቆያለች።"

"ትቆይ፤ ማን ይፈልጋታል!" አለች አስተማሪዋ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

"በይ ድገሚው" አለች ሐኪሟ፤ አሁን ግን አስቀድማ ወንበሯን ከግድግዳው ጋር አስደገፈች።