አቶ ደንቡና የእናቱ ድሪቶዎች

ሰውዬውን ሰፈሩ ሁሉ አቶ ደንቡ ነበር የሚለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአውቶቡስ መናኸሪያው የጠፋ ዕቃ ክፍል ሲሠራ፣ ጃንጥላዋን ልትወስድ የመጣችን ሴት እንኳ ዓይኗን አስጨፍኖ መልኩንና ምልክቱን ሳያስለፈልፋት አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። ጃንጥላው ፊቷ ተጋድሞ፣ እሷ ከመስኮቱ ውጭ ዝናብ እየወረደባት፣ «ደንቡ ነው» ይላታል። ጡረታ ሲወጣም የተረፉትን ቅጾች በብብቱ ይዞ ወጣ። ምን ሊያደርግባቸው እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ጉድ የፈላው ሚስቱ የእናቱን ሣጥን የከፈተች ቀን ነው። እናቱ ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሣጥኑም ያን ሁሉ ዘመን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተጎልቶ ኖሯል። ሚስትየው ብል እንዳይበላው ብላ ብታወርደው፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጅ የተሰፉ አሥራ አንድ አልጋ ልብሶች! ቀዩ፣ ቢጫው፣ አበባው፣ ሽንትርትሩ ዓይን ያጥበረብራል። አቶ ደንቡ «ድሪቶ ነው፣ መልሺው» ቢል ማን ሰምቶት። ግድግዳው ላይ ሰቀለች፣ ሶፋው ላይ ደረበች፣ መጋረጃውን አውርዳ በእነሱ ተካች። አንዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ስላደረገችበት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ዜና የሚሰማው በጨርቅ ሥር ነው።

መጀመሪያ የነቃችው ጎረቤታቸው መምህርቷ ናት። መዶሻ ልትዋስ ገብታ፣ ግድግዳውን ስታይ ቀጥ ብላ ቀረች። «ይሄ እኮ የባሌ ፒጃማ ነው!» አለች። እውነትም ነው! ለካስ እናትየው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው ቤት ሲሄዱ ቦርሳቸው ውስጥ ትንሽ መቀስ አትጠፋም ነበር። ከወንበር ጀርባ፣ ከልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንዳንዴም ከባለቤቱ ገላ ላይ ቆንጠር ያደርጉ ነበር። ሰፈሩ ያን ሁሉ ዓመት አይጥ ሲረግም የኖረው በከንቱ ነው።

ወሬው ሲዳረስ ደጁ ላይ ሰልፍ ተያዘ። አቶ ደንቡም ነፍሱ መለስ አለችለት። የምግብ ጠረጴዛውን በሩ ላይ ገትሮ ቅጽ ማስሞላት ጀመረ። ዓይን ይጨፈናል፣ መልኩ ይነገራል፣ ከዚያ ይታያል። የተሰፋ ነገር ግን አይተረተርም፤ ስለዚህ ባለንብረቱ ሁሉ ከቁራጩ ጎን የሚቀመጥበት ሰዓት ተመደበለት። ዳቦ ጋጋሪው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሶፋው ላይ፣ ከሱሪው ጉልበት አጠገብ ይቀመጣል። ጡረተኛዋ አዋላጅ ከጋዋኗ ኪስ የድሮ ከረሜላ አገኘችና ፈርማ በላችው። ሚስትየው ወጥ ቤቷ ለመድረስ ይቅርታ እያለች በሰው ጉልበት መሀል መሽሎክሎክ ሆነ ሥራዋ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን አልጋ ልብስ ግን አቶ ደንቡ ማንም እንዲያየው አልፈለገም። መሀሉ ላይ ግራጫ ሱፍ አለ፣ ከነሦስት ቁልፉ። የአባቱ ካፖርት ነው። እናቱ በሞቱ ሳምንት ይሄ ካፖርት ተፈልጎ ሲታጣ፣ አቶ ደንቡ ታናሽ ወንድሙን በለቀስተኛ ፊት «ሌባ» ብሎ ከቤት አስወጣው። ወንድምየው ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠም። አሁን አቶ ደንቡ የቀን መቁጠሪያ አምጥቶ ግራጫው ላይ ሰቀለበት። ኀፍረቱ ግን አልተሸፈነለትም። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ብሎ ሦስት ቀን ጫማውን አሰረ፣ ሦስት ቀን መልሶ ፈታው። ሚስቱ ይሄን ሁሉ አይታ ስልኳን አነሣችና ለወንድምየው ደወለች።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ባለ ከዘራ ሰው ተራውን ጠብቆ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። አቶ ደንቡ ከቅጹ ቀና ሳይል «ምን ጠፋብዎ?» አለ።

«እኔ ምንም አልጠፋብኝም፣ ጋሼ። የጠፋብህ አንተ ነህ።»

ድምፁን አወቀው። ቀና ብሎ ለማየት ግን ወኔ ከዳው። ዓይኑን ጨፍኖ ተነሣ፣ ጠረጴዛውን በዳበሳ ዞረና በባለጉዳይ በኩል ቆመ። ወንድምየው ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እስክሪብቶውን አነሣ።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ወንድም።»

«እንዴት ጠፋ?»

«እኔው ነኝ የጣልኩት። ከጠፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ካፖርቱን እማዬ ናት የቀደደችው፤ እሱ አልወሰደም። በድዬዋለሁ።»

ወንድምየው ለመጻፍ ጊዜ ወሰደበት። «መልኩ?» አለ በመጨረሻ።

«ቀጭን ነው። ጸጉሩ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ። ሲራመድ ማንም አይደርስበትም።»

«ዓይንዎን ይግለጡ።»

ገለጠ። ፊቱ የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ሞልቶታል። ከዘራው ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ ከጸጉሩ የተረፈው ከጆሮው በላይ ያለው ጥቂት ሽበት ብቻ ነው። አቶ ደንቡ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አይመሳሰልም» አለ ወንድምየው። «ምልክቱ ካልገጠመ ደንቡ ምን ይላል?»

«ባለቤቱ ተጣርቶ እስኪታወቅ፣ ዕቃው እዚሁ ይቆያል።»

«እስከ መቼ?»

ደንቡ ሦስት ወር ነው የሚለው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲያስፈጽመው ኖሯል።

«ገደብ የለውም» አለ አቶ ደንቡ።

ሚስቱ ዳቦ ጋጋሪውን ከሶፋው አስነሥታ መኝታ ማንጠፍ ጀመረች።