ድምፅ ይቆጠር

አውቶቡሱ መስኮቶቹ ሁሉ በመጋረጃ ተሸፍነው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የሆቴሉ በር ላይ ቆሟል። የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ቁርሳቸውን ጨርሰው ለዛሬው ድምፅ መስጫ አንድ በአንድ ይሳፈራሉ። የመንግሥት ተጠሪው ሳናታን ራውት በሩ ሥር ቆሞ፣ ከብቱን ወደ በረት እንደሚያስገባ ሰው፣ እያንዳንዳቸውን በዐይኑ እየዳሰሰ ያሳልፋቸዋል። ወደዚህ የባሕር ዳር ሆቴል በመጡ ዕለት ስልካቸው ተሰብስቧል። ለዕረፍት ነው የመጣችሁት ተብለው ነበር። ግን እያረፈ ያለ ሰው ማታ ማታ በሩ ላይ ዘበኛ አይቆምበትም።

ኩንታላ ጄና ገና አልተሳፈረችም። ከክፍሏ ስትወርድ እንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ለስላሳው ወንበር ላይ፣ ዋርሳዋ ጎራሃሪ አንድ ጉንጩን በሚያኝከው የፓን ቅጠል ወጥሮ ተቀምጦ አገኘችው።

«አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«መኪና ተልኮልኝ ነዋ!» አለ፤ እንዲህ ባለ ቤት መግባቱ ደስ እንዳሰኘው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «እትዬ፣ ዛሬ ነገር እንዳታበላሽ ምከራት ተብዬ ነው።»

«የላከህ ሰው ፈርቷል ማለት ነው።»

«አንቺን ማን ይፈራሻል? የምፈራሽ እኔ ብቻ ነኝ። እኔም የቆየ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ቀልዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። የማንደሪ መንደር ሊቀመንበርነት በሕግ ለሴት የተመደበ ጊዜ፣ የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ሚስቶቻቸውን ለዕጩነት አስመዘገቡ። ጎራሃሪ ሚስት ስላልነበረው የሟች ወንድሙን ሚስት አስመዘገበ። ዓሣ እያደረቀች የምትሸጥ፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ ሳትሸፍን ወንድ ፊት የማትቀርብ መበለት ነበረች። ከእሷ የተሻለ ዝም የሚል ማኅተም ከየት ይገኛል? ተመረጠች። እሷ ግድግዳ ሥር ትቀመጣለች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይወስናል። አንድ ቀን ከወረዳ የመጣ ሹም፣ የመንደሩ ኩሬ ለአንድ ባለሀብት እንዲከራይ ሊቀመንበሯ ተስማምታ እንደሆነ ጠየቀ።

«ተስማምታለች» አለ ጎራሃሪ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለ ከሳሪው ሥር አንድ ድምፅ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጨርቁን ከፊቷ ገፋ አደረገችና ሹሙን ትክ ብላ አየችው። ኩሬው አልተከራየም። ጎራሃሪም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ሥር መቀመጥን ተማረ።

በቀጣዩ ዓመት አውሎ ነፋሱ መጣ። ጣሪያ ሁሉ ተነቅሎ ሄዶ፣ ከብቱ ሞቶ፣ መንደሩ በጨው ውኃ መሐል ደሴት ሆኖ ሲቀር፣ ኩንታላ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ትልቅ ድስት ጥዳ፣ ቀድሞ ሊበላ የሚጋፋውን ጎረምሳ በጭልፋ እየመታች፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ሩዝ ታድል ነበር። ያኔ ተቃዋሚ የነበረው ቢሽዋምባር ማንግራጅ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ መጥቶ ያያት በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። «ይቺን ሴት እፈልጋታለሁ» አለ። ለግዛቱ ምክር ቤት ዕጩ አደረጋት። የምርጫ ዘመቻዋን እሱ አካሄደ። ቃለ መሐላዋን ሌላ ሰው እየነገራት ሳይሆን ራሷ አንብባ እንድትፈጽም አስተማሪ ቀጥሮ ፊደል አስቆጠራት። ዛሬ እሱ የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ነው፤ እሷም ሦስተኛ ዘመኗን የያዘች የምክር ቤት አባል ናት።

«ፎቅ ላይ ይጠሩሻል» አለ ሳናታን፣ ከበሩ ሆኖ። «እሳቸው ናቸው። ቶሎ በይ እኅቴ፣ አውቶቡሱን አታስቆሚው።»

ዋና ሚኒስትሩ በረንዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ በጋዜጣ ላይ የተዘረገፈ የፈካ ሩዝ በሽንኩርትና በቃሪያ ይበላል። ምንም ቢከብር ይህን ልማዱን አልተወም፤ ሕዝቡም ለዚህ ይወደው ነበር።

«ቁጭ በይ። በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸትሽን ነው። ስትናደጂ እህል አይወርድልሽም።» ጋዜጣውን ወደ እሷ ገፋው። «የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩን አነሣዋለሁ። ቦታው ያንቺ ነው።»

በግዛቱ ታሪክ ያን መሥሪያ ቤት የመራ ሰው ሁሉ መረብ ጎትቶ የማያውቅ ነበር። ስንት ጊዜ ማንም በሌለበት ያን ቢሮ በሐሳቧ አደራጅታዋለች፤ ማንን እንደምትሽር፣ ማንን እንደምትሾም፣ በመጀመሪያው ቀን የትኛው ጠረፍ እንደምትሄድ ሳይቀር ታውቀዋለች። እሱም ይህን ያውቃል።

«ማንደሪ ላይ የሚሠራው ወደብስ?» አለች።

«ማንደሪን ባሕሩ እየበላው ነው፣ ኩንታላ። ፊት ለፊት የነበሩት ቤቶች የት ገቡ? የመንደሩ ቤተ መቅደስስ? ወደቡ ባይወስደው ውኃው ይወስደዋል። እኔ እንኳ ሌላ ቦታ ቤት እሠራላቸዋለሁ። ባሕሩ ምን ይሠራላቸዋል?»

እውነቱን ነበር፤ የከበዳትም ይኸው ነው። ባለፈው ወደ መንደሩ በሄደች ጊዜ አሮጊቷ ሃራማኒ እጇን ይዛ «እኔስ ልሂድ፤ እግሬ ውኃ ውስጥ ሆኖ ማደር ሰልችቶኛል» ብላታለች። የሃራማኒ ልጅ ደግሞ እዚያው አጠገቧ ቆሞ ሬሳዬ ካልወጣ አልነቀልም ብሎ ምሏል። እናትና ልጅ ያልተስማሙበትን ነገር ኩንታላ በምን አንደበቷ ትፍረድ? ግን ዛሬ ድምፅ የሚሰጥበትን የወደቡን ረቂቅ አዋጅ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ አንብባዋለች። አንቀጽ ሰባት፣ መሬቱ የሚወሰደው የመንደር ምክር ቤቶችን መጠየቅ ሳያስፈልግ ነው ይላል።

«አንቀጽ ሰባትን ያውጡት» አለች። «ይጠየቁ። እሺ ካሉ እኔው ዕቃቸውን ተሸክሜ አወጣቸዋለሁ።»

«ከተጠየቁ ዓመታት ይፈጃል።»

«ይፍጅ።»

«ባለ ገንዘቡ አይጠብቅማ!» እጁን በጋዜጣው ጠርዝ ጠረገ። ድምፁ ሲለዝብ ይበልጥ እንደሚያስፈራ ታውቃለች። «ልጄ፣ ከጭቃ ያወጣሁሽ እኔ ነኝ።»

«እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሩዝ እያደልኩ ነበር። እስከ ጉልበትዎ ጭቃ ውስጥ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሳያስበው ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ለአፍታ እንደ ድሮው ሆኑ። ከዚያ የእሱ ሳቅ ቀድሞ ቆመ።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። የፓርቲውን ትእዛዝ የጣሰ ወንበሩን ያጣል። ደብዳቤው ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ እጄም አይንቀጠቀጥም።»

«አውቃለሁ» አለች እየተነሣች። «እጅዎ አይንቀጠቀጥም ብዬ ነው ድሮም የተከተልኩዎ።»

አውቶቡሱ ውስጥ፣ የጎረቤት ወረዳ ተመራጭ የሆነው ትሪናት አጠገቡ ቦታ ይዞላት ነበር። ወፍራም፣ ደግ፣ በሆነው ባልሆነው የሚያልበው ሰው ነው። የእሱም መራጮች ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

«ምን አሉሽ?»

«ሚኒስትር ሁኚ።»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!»

«እሺ አላልኩም።»

ትሪናት መሐረቡን አወጣ። ዙሪያውን ካየ በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ስሚኝ እኅቴ፣ ነገሩ እኮ አልቋል። ተቃዋሚዎቹ ትንሽ ይጮኹና ረግጠው ይወጣሉ፤ ከእኛ ሰዎች ጋር ተነጋግረዋል። እነሱ ሲወጡ እኛ በአፋችን ‹አዎ› እንላለን፤ አለቀ። የማንም ስም አይጻፍም። አገርሽ ስትገቢ ‹እኔ እንኳ ዝም ነው ያልኩት› ትያለሽ። እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

«ለእናትህም?»

«እናቴ ምን አደረገችሽ? እሷን ተያት።»

ኩንታላ መጋረጃውን ገለጠችው። መንገድ ዳር ሴቶች በቅርጫት ዓሣ ተሸክመው፣ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ በፍጥነት ይራመዳሉ።

«መጋረጃውን፣ እኅቴ!» አለ ሳናታን ከፊት።

«ሰው ልይበት» አለችው። መጋረጃው እንደተገለጠ ከተማ ገቡ።

ምክር ቤቱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ትሪናት እንዳለው ሄደ። የሚመለከተው ሚኒስትር አዋጁን አነበበ። ተቃዋሚዎቹ ተነሥተው ጮኹ፤ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ መሪያቸው ወረቀቱን ቀዶ በተነው። ካሜራዎቹ ይህን በደንብ መያዛቸውን ካረጋገጠ በኋላ ወገኖቹን አስከትሎ ወደ በሩ አመራ። ኩንታላ ለመናገር ዕድል ጠይቃ ነበር፤ ስሟ ከተናጋሪዎቹ መሐል አልገባም። ትሪናት ጎኗ ተቀምጦ ጫማውን ይመለከታል። ከፊት ወንበር ዋና ሚኒስትሩ ወደ ኋላ አልዞረም።

«የምትደግፉ ‹አዎ› በሉ» አለ አፈ ጉባኤው።

«አዎ!» የሚለው ጉርምርምታ ከየወንበሩ ወጣ።

«የምትቃወሙ?»

«አልደግፍም!»

የሴት ድምፅ ነበር፤ ብቻውን። አፈ ጉባኤው ቀና ብሎ፣ ያየውን እንዳላየ ሆኖ መዶሻውን አነሣ። «ደጋፊዎቹ በልጠዋል፤ አዋጁ...»

«ድምፅ ይቆጠር!» አለች ኩንታላ። ድምፅዋ የባሕር ማዕበል ላይ ሰው የምትጠራበት፣ ከጀልባ እስከ ጀልባ የሚደርሰው ድምፅ ነበር። «እኔ ጠይቄያለሁ፤ ይቆጠር!»

«ይቀመጡ፣ የተከበሩ አባል...»

«ሲቆጠር እቀመጣለሁ።»

የጋዜጠኞቹ ሰገነት ተንቀሳቀሰ። ካሜራዎቹ ከበሩ ወደ እሷ ዞሩ። በሩ ጋ የደረሱት ተቃዋሚዎች ቆመው ተያዩ፤ ከመሐላቸው አንድ ወጣት፣ የቀሩት ሳይከለክሉት፣ «ይቆጠር!» ብሎ ጮኸ። አሁን ወደ ኋላ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። አፈ ጉባኤው ወደ ዋና ሚኒስትሩ አየ፤ ከዋና ሚኒስትሩ ፊት ግን የሚነበብ ነገር አላገኘም።

«በሮቹ ይዘጉ» አለ በመጨረሻ። «ደጋፊዎች ተነሡ።»

ተነሡ። በአፍ ለማለት የቀለለው ነገር በእግር ለመቆም ከበደ። ሳናታን በየረድፉ እየዞረ በዐይኑ ያስነሣቸዋል። ትሪናት ላቡን ጠርጎ ወደ ኩንታላ አየ። ‹ልጆች አሉኝ እኮ› የሚል ይመስል ነበር። ተነሣ። ከጠረፍ ወረዳዎች የመጡ ሦስት ሰዎች ግን ሳናታን ትከሻቸውን ቢነካም አልተነሡም፤ መቃወም ባይደፍሩም፣ ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቀሩ። ከዚያ ተቃዋሚዎች ተነሡ ተባለ፤ ሊሸሹ የነበሩት ሁሉ በተዘጋው በር ሥር እንደቆሙ ተቆጠሩ። ከገዢው ፓርቲ ረድፍ የቆመችው ኩንታላ ብቻ ነበረች። ጸሐፊው ስሟን ሲጽፍ ብዕሩ ሲጭር የሰማች መሰላት።

አዋጁ አለፈ፤ በጥቂት ድምፅ ብልጫ።

በሮቹ ሲከፈቱ ዋና ሚኒስትሩ በእሷ በኩል ወጣ። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረበትም፤ ከጧቱ ይልቅ ያረጀ መሰላት።

«ሚኒስትርነቱን ጣልሽ፣ ወንበርሽን ጣልሽ። አዋጁም አለፈ። ምን አተረፍሽ?»

«ማን እንዳሳለፈው ታወቀ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን መሰናበቱ አልለየላትም። አጃቢዎቹ ከበውት ሄደ።

ከግቢው ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎራሃሪ በተላከለት መኪና ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«በሬዲዮ ሰማሁት» አለ። ቅጠሉን ተፍቶ ዐይኗን ማየት እያፈረ አንዱን ጫማውን በሌላው ጠረገ። «እትዬ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ ከኔ ስሚው። ወንበርሽ ሲለቀቅ በማሟያ ምርጫ እኔን ሊያቀርቡኝ ነው።»

«ጧት እዚያ የተቀመጥከው ለዚህ ነበር?»

«እንቢ ካለች አንተ አለህ አሉኝ። ምን ልበል?»

ኩንታላ በቁጣ አፈጠጠችበት፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቋ መጣ። «ተወዳደራ! እኔም እወዳደራለሁ።»

«በማን ስም? ፓርቲ የለሽ፣ የምርጫ ምልክት የለሽ። ደግሞ ማይክራፎንሽን ማን ይሸከምልሻል?»

«በግል። ምልክትም ምርጫ ቦርድ ከሚሰጠው የተረፈውን እወስዳለሁ። ባልዲ ይሁን፣ መጥረጊያ ይሁን ደንታ የለኝም።»

ጎራሃሪ የመኪናውን በር ከፈተላት። «ግቢ እስኪ መኪናው ውስጥ። ቢያንስ ቤትሽ ላድርስሽ።»

«የእነሱ መኪና ነው። አንተ ሂድበት፤ አልጣላህም።»

የጠረፉ አውቶቡስ ሰው እስከ በሩ ሞልቶበታል። ረዳቱ ማን መሆኗን ሳያይ «ወደ ውስጥ እማማ! ወደ ውስጥ!» እያለ በክርኑ ገፋት። ሽንኩርት በጆንያ፣ ዶሮ በቅርጫት፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ለመነሣት ስትሞክር ኩንታላ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ይቺ የምክር ቤቷ ሴትዮ አይደለችም እንዴ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቀልደኛ! እሷ በዚህ ትሳፈራለች?» አለ ሌላው።

«ነኝ» አለች ዞር ብላ። «እስከ ነገ ወይም እስከ ከነገ ወዲያ።»

ጥቂቶች ሳቁ። ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ግን አልሳቀም። ከወንበሩ ተነሥቶ፣ በሰው መሐል ጣቱን ደረቷ ላይ ሊደርስ እስኪቃረብ ዘረጋ።

«እኔ ቤቴ ውኃ ገብቶ የሄደ ሰው ነኝ። ሦስት ጊዜ መርጬሻለሁ። ቤቴ ሲሄድ የት ነበርሽ? እሱን ንገሪኝ!»

«ተው እንጂ አጎቴ!» አሉ ዙሪያው ያሉት።

«አትከልክሉት» አለች ኩንታላ። የላይኛውን ብረት በአንድ እጇ ጨበጠች፤ በሌላው የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። «ይናገር። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፣ አባቴ፤ ሳትደብቅ፣ ሳታለሳልስ።»

አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ተንቀሳቀሰ፤ ሽማግሌውም መናገር ጀመረ።