ዛሬ አህያ በነፃ ትገባለች

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ ሲበዛ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ሥራ ሲጠፋ ተውኔት ትጽፋለች። የመጀመሪያ ተውኔቷ ለሕዝብ ሊታይ በነበረበት ቀን ጧት፣ ባሏ ምን ቀን አጥቶ እንደሆነ እንጃ፣ የተውኔቱን ድረ ገጽ ከሚያድርበት ከድሮው ሰርቨር ወደ አዲስ ሰርቨር ካላዛወርኩ አለ። እውነቱን ለመናገር የድሮው ሰርቨር ጉድ ነበር፤ ጥቂት ሰው ባንድ ላይ ካየው ፀሐይ እንደመታው ሰው ይዘረራል። አዛወረው። እጁን አራግፎ “አለቀ!” አለና ቁርሱን በላ።

ቀትር ላይ የአዳራሹ ጥበቃ ደወለ። ቧንቧ ፈንድቷል።

“እመቤት፣ መድረኩ ላይ ዳክዬ ብትለቂ ይዋኛል” አላት።

እህቴ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ከዚያ ስልኳን ይዛ ያልለመነችው ሰው የለም። በመጨረሻ ከድልድዩ ማዶ ያለውን የስፖርት አዳራሽ ለዛሬ ብቻ ፈቀዱላት። ግን ሰዉ ሁሉ ቦታውን የሚያየው ከድረ ገጹ ነው፤ ድረ ገጹ ደግሞ አሁንም አሮጌው አዳራሽ ኑ ይላል። ተዋንያኑ ገና ዱሮ አፋቸውን ሞልተው ነግረዋታል፦ ለባዶ ወንበር የምንጫወት ከሆነ ሁለተኛ አታገኚንም።

“ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ቦታውን ልቀይር” ብላ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠች። ባሏ ጧት ያወጣላትን አዲስ የይለፍ ቃል አስገባች። ርዝመቱ ባቡር ያክላል።

ትክክል አይደለም፣ አላት ኮምፒውተሩ።

“ረጋ ብለሽ ጻፊው” አለ ባሏ። እኛ ቤት ኢንጂነሩ ነው የሚባለው፤ አምፖል ሲቃጠልም እሱ ነው የሚጠራው።

“ከዚህ በላይ ከረጋሁ አረጃለሁ!”

እሱ ራሱ ሞከረ። ትክክል አይደለም። ትልልቁ ፊደል ተቆልፎ እንደሆነ አየ፤ አልተቆለፈም። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ኪቦርዱን ገልብጦ አራገፈ፤ ከውስጡ የወጣው ፍርፋሪ አንዲት ዶሮን ከነጫጩቶቿ ያከርማል። እንደገና ሞከረ። ትክክል አይደለም።

እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አዝራር እየለቀምኩ ነበር። የቡድኑ መጋረጃ ሳቢ ነኝ። የሰፈሩ ሰው ግን ቀደዳው ይለኛል፤ ወሬ ሳወራ ትንሽ ስለማሳምር ነው፣ ሌላ በደል የለብኝም።

“የይለፍ ቃሌን ረሳሁ የሚለውን ተጫኚ” አላት ኢንጂነሩ።

ተጫነች። መልእክቱ በስልኳ መጣ። እዚያው ስልኳ ላይ አዲስ ቃል አወጣች፣ ስልኩም ተቀይሯል አላት። በስልክ ረጅም ነገር መጻፍ ስለማይሆንላት ተመልሳ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባችው። ትክክል አይደለም። ደገመች። ይሄኔ ኮምፒውተሩ አመረረ፦ ብዙ ጊዜ ስለሞከሩ ለጊዜው ታግደዋል።

“ማንን ነው የሚያግደው? በገዛ ቤቴ!”

“እትዬ፣ ምናልባት ተውኔቱን አንብቦት ይሆናል” አልኩ።

የክር ጥቅል ጆሮዬን ታክኮ አለፈ።

ኢንጂነሩ አልሳቀም። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ኮምፒውተሩን ያያል።

“ስልክሽ በቤቱ ዋይፋይ ነው?”

“ኧረ በራሱ ዳታ ነው። የቤቱማ ይጎተታል።”

“በቃ! ያዝኩት!” ብሎ ጭኑን መታ። “ድረ ገጽ ሲዛወር ስሙ ያው ነው፣ አድራሻው ነው የሚቀየረው። ወሬው ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። አንዱ መስመር ወዲያው ይሰማል፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳል። ስልክሽ አዲሱ ሰርቨር ገብቶ ቁልፉን ቀየረ፤ ኮምፒውተሩ በቤቱ ዋይፋይ አሮጌውን በር እያንኳኳ ነው።”

“በአዲስ ቁልፍ” አልኩ።

“በአዲስ ቁልፍ! መልካቸው አንድ ስለሆነ ነው የተሸወድነው። ቆይ፣ እርግጡን እንወቅ። በጓሮ በኩል ልግባና አዲሱ ላይ ብቻ ምልክት ላድርግ። ምልክቱ የታየው ሰው አዲሱ ቤት ነው ያለው።”

“በጓሮ መግባት ከቻልክ ማስታወቂያውን ራሱን አትጽፈውም?” አለች እህቴ።

“ከግርጌ ያለችውን አንዲት መስመር ነው የምደፍረው። ሌላውን በዚያ በኩል ከነካካሁት ገጹ ይፈርሳል። ምን ልጻፍ? ቶሎ!”

“ዛሬ አህያ በነፃ ትገባለች በል” አልኩ።

እህቴ አፈጠጠችብኝ። ሰውየው ግን ተቻኩሎ ስለነበር ጻፈው።

ስልኳን ከፈተች። “አህያ!” ኮምፒውተሩ ላይ አየን፤ አህያ የለም። በዋይፋይ ያለው የእኔ ስልክ ላይም የለም። ለማረጋገጥ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ተጣራሁ።

“ስማ! የእህቴን ድረ ገጽ ክፈትና እየው፤ አንተ ጋ አህያ ይታያል?”

“አሁን በመስኮት ብቅ አለ!” አለኝ፣ ምላጩን እንደያዘ።

ደንበኛው ሲስቅ አገጩን ሊቆረጥ ምንም አልቀረው።

ያም ሆነ ይህ ነገሩ ተገኘ። እህቴ በስልኳ አዲሱን ቃል አስገባች፤ በሩ ብርግድ አለ። እልል ብላ፣ በአውራ ጣቶቿ እየተሳሳተች፣ እየሰረዘች፣ ቦታውን ቀየረች። ኢንጂነሩ በበኩሉ አሮጌው ሰርቨር ላይ ያለውን ገጽ ከነአካቴው አንስቶ፣ ከድልድዩ ማዶ ኑ የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ሰቀለበት።

“ቀድመው የወጡትስ?” አለች እህቴ። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

“ሩጥ፤ አሮጌው አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቁመህ ንገራቸው።”

“እትዬ፣ እኔን ማን ያምነኛል?”

“ታዲያ ማን አለኝ?” አለች። ድምፅዋ ትንሽ ስለተሰበረ ቀልዱን ትቼ ሮጥኩ።

ስደርስ በሩ ተቆልፏል፣ ጥበቃው ቧንቧ ሠሪ ፍለጋ ሄዷል፣ ደጃፉ ግን በሰው ጢም ብሏል።

“ቦታው ተቀይሯል! ቧንቧ ፈንድቶ ነው! ከድልድዩ ማዶ ነው!” አልኩ።

“ሂድ ወዲያ፣ ቀደዳው!” አሉኝ አንዲት የሰፈራችን እናት። “ባለፈው ወንዙ ሞቋል ብለህ ፎጣ አስይዘህ አልወሰድከንም?”

“አሁን እውነት ነው! እናቴ ትሙት!”

“እናትህ ይኸው ከኋላዬ ቆመዋል!”

እውነትም ቆማለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። እናቴም አላመነችኝም።

እውነት አልሠራ ሲለኝ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ።

“እሺ” አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። “ምስጢር ነበር፣ ግን ልናገር። ቧንቧው ሲፈነዳ ከውስጡ ዓሣ ወጣ። መነጽር ያደረገ ዓሣ።” መራመድ ጀመርኩ። “መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በስሜ ጠራኝ።”

“ውሸታም!” ይላሉ፤ ግን ይከተሉኛል። ዓሣውን ካፖርት አለበስኩት፣ ዳርኩት፣ በሚስቱ አስቆጣሁት። ከሱቆቹ የወጣ ሰው ሁሉ ተቀላቀለን። ድልድዩ መሃል ላይ ስደርስ ቆም አልኩ።

“ከዚያ አፉን ከፈተና እንዲህ አለኝ...”

“ምን አለህ?”

“ማዶ ስንሻገር።”

በስድብ አጥበው አሻገሩኝ። የስፖርት አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ዞሬ፣ “ተውኔቱ እዚህ ነው፣ ግቡ፣ ነው ያለኝ” አልኩ። እህቴ ከበሩ ላይ ቆማ ያን ሁሉ ሰው ስታይ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

አዳራሹ ሞላ። መጋረጃውን ልስብ ስል ደጅ ላይ ግርግር ተነሳ። አንድ ውኃ አመላላሽ አህያውን ይዞ፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ይሟገታል።

“በነፃ ይላል! ይኸው፣ ከግርጌ!”

ኢንጂነሩ ራሱን ያዘ። መስመሯን ማጥፋት ረስቷታል።

እህቴ ግን ሳቀች። “አዲሱን ቤት አይቶ ነው የመጣው። አስገቡት።”

አህያዋ ከኋላ ቆማ ጨዋ ሆና ተከታተለች። መሪ ተዋናዩ ሊሞት ሲያጣጥር ብቻ ሆዷ አልችል አለና አናፋች፤ ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ሟቹም ከሞተበት ተነስቶ እጅ ነሣ።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ይኸው ሁለተኛ አታገኚኝም ያለ ተዋናይ፣ ላቡን እየጠረገ ወደ እህቴ መጣ።

“በሚቀጥለው” አላት፣ “አህያዋ ከየትኛው በኩል ነው የምትገባው?”