ጥጤ አትታረድም

ጥንቸሌ ጥጤ መንጋጋዋ ሥር አብጦባት መብላት ስታቆም፣ ባሌ አብዱልወዱድ ቢላዋ ሳለ። ወሎ እሱ ባደገበት ቤት፣ የማይድን እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል፤ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ ሥጋው ለሰው አይሆንም። እኔ ግን ጥጤን በዘንቢል ይዤ ከሰፈራችን ከሓድነት ሚኒባስ ተሳፈርኩና የእንስሳት ሐኪሙ ሃፍታይ ዘንድ ሄድኩ። ባሌም እያጉረመረመ ተከተለኝ።

ሃፍታይ እብጠቱን ዳሰሰው። «መግል ቋጥሯል፤ በኦፐሬሽን ካልወጣ አትድንም። ግን ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ጥንቸል ማደንዘዣ ይከብዳታል። እንደተኛች ልትቀር ትችላለች» አለኝ።

አብዱልወዱድ ክንዴን ያዘኝ። «ሰማሽ አይደል? እዚህ ከሞተች በክት ሆና ቀረች ማለት ነው። ቤት እንመለስና በቢስሚላህ ላርዳት።»

ጥጤ አፍንጫዋን ከዘንቢሉ አውጥታ ጣቴን ላሰችው። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስከፍት እግሬ ሥር እየተሽሎከለከች የምትቀድመኝ እሷ ናት። ደሜ ፈላ።

«ዶክተር፣ ማደንዘዣውን ያዘጋጁልኝ» አልኩና ወደ ባሌ ዞርኩ።

«በክት ትሁን! ድሮስ ማን ሊበላት ነበር?»