የጸጥታ ጉርሻ

አቶ ወልዱ የአጥሩን ቆርቆሮ በከዘራ መደብደብ ካቆሙ አምስት ሳምንት ሆናቸው። ደግ ነገር ነበር። እማማ ወለተማርያም ግን ደግ ነገር ሲበዛ የሚፈሩ ሴት ናቸው።

ቤታቸው ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ነው። ልጃቸው ሮሐ ሳሎኑን ምንጣፍና ፍራሽ አንጥፋ የሕፃናት ማቆያ ካደረገችው ሦስት ዓመት አልፏል። የሚውሉት ልጆች ሰባት ናቸው። አንዱ የራሷ የሮሐ ልጅ፣ ዓመት ከመንፈቁ አክሊል ነው፤ የቀሩት የነርሶችና የባለሱቆች ልጆች ናቸው። እማማ ወለተማርያም ከመስኮቱ ሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ይቆጥሯቸዋል። ሰባት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሰባት። ማንም ቁጠሩ ያላቸው የለም፤ ግን ካልቆጠሩ ልባቸው አያርፍም።

ቤቱን ያስቸገረው የረዳት ነገር ነበር። በአንድ ዓመት አራት ረዳት ተቀጥረው አራቱም ሄደዋል። ደመወዛቸውን በሠላሳ ይቀበሉና "ሳሙና ገዝቼ ልምጣ" ብለው በዚያው ይቀራሉ። የመጨረሻዋ በነሐሴ ስትጠፋ ሮሐ ሰባት ልጅ ብቻዋን ታቅፋ ቀረች። ልጆቹ ተቀባብለው ሲያለቅሱ ጎረቤታቸው አቶ ወልዱ ቆርቆሮውን ይደበድባሉ፤ "ወረዳ ሄጄ ፈቃዳችሁን አስነጥቃለሁ" ይላሉ። ፈቃዱ ደግሞ በጥር ይታደሳል። ቤቱ የሚበላው ከዚያ ፈቃድ ነው።

መስቀል እንዳለፈ ደላላው ዳኜ ልዩን ይዟት መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጠን ያለች፣ ጥፍሯ የተከረከመ፣ ጫማዋን ሳይነግሯት በር ላይ ያወለቀች።

"ተያዥ አላት?" አሉ እማማ ወለተማርያም።

"እኔ አለሁ አይደል እማማ?" አለ ዳኜ።

"አንተንስ ማን ይይዝልኛል?"

ዳኜ ሳቀ፤ ሮሐም ሳቀች። ልዩ አልሳቀችም። ሮሐ ተያዥ እስኪገኝ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም፤ ስለዚህ እማማ ወለተማርያም ሁለት ሕግ አወጡ፤ ሁለቱም ከራሳቸው ጭንቅላት የወጡ ናቸው። አንደኛው፣ የመጀመሪያ ወሯ ደመወዝ አምስት ሺህ ብር መያዣ ሆኖ እነሱ ዘንድ ይቆያል፤ አስቀድማ ተናግራ በሰላም ስትሄድ ይሰጣታል። ሁለተኛው፣ አቶ ወልዱ ቆርቆሮውን ሳይነኩ ሳምንቱ ካለቀ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት መቶ ብር ጉርሻ አላት።

ልዩ አንገቷን ደፍታ ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"አንድ ቀን ብቻ ቢመቱስ?"

"አንድ ቀን ከመቱ የለም" አሉ እማማ ወለተማርያም። ብልሃታቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አቶ ወልዱ ሁለት ጊዜ መቱ። ከዚያ ወዲህ አልመቱም።

ልዩ እጇ ወርቅ ነው። ዳይፐር ስትቀይር ልጁ መገላበጡን እንኳ አያውቅም። የእኩለ ቀኑን ወተት ራሷ ታፈላለች፣ ራሷ ታበርዳለች፣ በየጡጦው ራሷ ትሞላለች፤ ሮሐ ላግዝሽ ብትላት "አንቺ ዕረፊ፣ የኔ ሥራ ነው" ትላታለች። በስድስት ሰዓት ጡጦ ያጠቧቸዋል። ስድስት ተኩል ላይ ሰባቱም ፍራሻቸው ላይ ናቸው። እስከ አሥር ሰዓት ከቤቱ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ቅዳሜ ሲመጣ ልዩ ሦስት መቶ ብሯን ተቀብላ፣ አራት አጥፋ፣ ጡቷ ሥር ትከታለች።

እማማ ወለተማርያም ራሳቸውም ከዚህ በረከት አልቀሩም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እንቅልፍ በዓይናቸው ዞሮ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ከምሳ በኋላ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ ጭልጥ ይላሉ፤ ሲነቁ አፋቸው ደርቆ፣ ፀሐይዋ ወደ ዊንጌት በኩል ዘቅዝቃ ያገኟታል። እንቅልፌን ብትመልሺልኝ ብለው ለእመቤታችን የተሳሉት ስለት ነበረባቸው፤ አንድ እሑድ ጧፍ ይዘው ሄደው አደረሱ።

ልማድ አለቻቸው። ወተት ሲደፋ ማየት አይወዱም። እናታቸው "የሕፃን ትራፊ በረከት ነው፤ የደፋ እጅ ይነጣል" ይሏቸው ነበርና፣ በሰባቱ ጡጦ ሥር የቀረችውን አንድ ኩባያ ላይ አጠራቅመው ይጠጧታል። አክሊልን ያሳደጉት እንዲህ ነው፤ ሮሐንም።

ፍርሃቱ የጀመራቸው አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ዓሊማ፣ መንገዱ ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ልጇን ኑሕን ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ኑሕ አሥር ወሩ ነው፤ ከሰባቱ ትንሹ፣ ድሮ ከሰባቱ ጯሂው።

"እማማ፣ ይሄ ልጅ ቀን ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?" አለች ዓሊማ። "ቤት ስወስደው እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ይዝላል። አባቱን አይቶ እንኳ አይፍነከነክም።"

"እያደገ ነው፤ የሚያድግ ልጅ እንቅልፍ ይወዳል" አለች ሮሐ ከውስጥ።

ልዩ የኑሕን ጫማ እያሰረች ነበር። ቀና አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ወለተማርያም መቁጠር ብቻ አልበቃቸው አለ። እየዞሩ ከየአፍንጫው ሥር የእጃቸውን ጀርባ ይዘረጋሉ። ትንፋሽ አለ። ግን የሕፃን እንቅልፍ እንዲህ አልነበረም፤ ሕፃን ተኝቶ ይስቃል፣ ይጠባል፣ ይራገጣል። እነዚህ እንዳስቀመጧቸው ናቸው።

"ሮሐ፣ የልጆቹ እንቅልፍ አላማረኝም" አሉ ማታ።

"እማዬ፣ በናትሽ" አለች ሮሐ። "ያቺኛዋን ስታዛጋ አፏን አትሸፍንም አልሽ። ከሷ በፊት የነበረችውን ሽቶዋ ያስነጥሳል አልሽ። አሁን ደግሞ ልጅ ተኛ ብለሽ ልታስወጫት ነው? ይቺ ከሄደች በቃ፣ እዘጋዋለሁ። እውነቴን ነው።"

እማማ ወለተማርያም ተኩላ መጣ ሲል የኖረ እረኛ መሆናቸውን ያውቁታል።

ያ ሳምንት እንዲህ አለፈ። አርብ መጣ፤ የኅዳር ንፋስ የጎረቤቱን የባሕር ዛፍ ያፏጨዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ሰባቱም ተኝተዋል። ሮሐ መኝታ ቤት ሆና በስልክ ከወላጅ ጋር ታወራለች፤ ልዩ ወጥ ቤት ናት። እማማ ወለተማርያም በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እንቅልፋቸውን ጠበቁ። አልመጣም።

ከትናንት በስቲያም አልመጣም ነበር። ረቡዕ ነበር። ያለፈው አርብም እንዲሁ ዓይናቸው ፈጦ ነው የዋለው። መጀመሪያ ጾሙ ነው አሉ፤ ሆድ ባዶ ሲሆን እንቅልፍ አይወስድም። ደግሞ አሰቡት። ዛሬ ምሳቸውን፣ ሽሯቸውን፣ ጠግበው በልተዋል። በጾም ቀን የማይቀምሱት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ወተቱን።

ተነሡ። ጡጦዎቹ ሳይታጠቡ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። አንዱን አንስተው ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። የወተቱ ሽታ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ጣፋጭ፣ የሙዝ ከረሜላ የሚመስል ሽታ አለ። ወደ ፍራሾቹ ሄደው የአክሊልን ውስጥ እግር ቆነጠጡ። ልጁ ዓይኑን ገልጦ፣ አያቱን ሳያይ ከደነ። ኑሕን ቆነጠጡት። ኑሕ ምንም አላለም። ደግመው ጠበቅ አድርገው ቆነጠጡ። ምንም። ትንፋሹ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል፤ በመሐሉ እሳቸው አምስት ይቆጥራሉ።

"ሮሐ!"

ሮሐ ስልኳን እንደያዘች ወጣች። ልዩም እጇን በሽርጧ እያደረቀች ከወጥ ቤት መጣች።

"ምን ሆኑ እማማ?" አለች ልዩ ለስለስ ባለ ድምፅ። "ይነቁብናል እኮ።"

"ይንቁ። ሮሐ፣ ኑሕን ቀስቅሺው። ወተቱ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።"

"እማዬ..." አለች ሮሐ። ተንበርክካ ኑሕን ነካ ነካ አደረገችው። "ተኝቷል። ቀስ በይ፤ ልጁን አቁስለሽዋል።"

እማማ ወለተማርያም የሰባቱን ጡጦ ትራፊ አንድ ኩባያ ላይ ገለበጡ። ኩባያው ግማሽ ሞላ። ለልዩ ዘረጉላት።

"ጠጪው።"

ልዩ ኩባያውን አየች፤ ሮሐን አየች። "አርብ ነው እኮ እማማ" አለች።

"እውነቷን ነው፤ አርብ ቀን ወተት ጠጪ ይባላል?" አለች ሮሐ ተቆጥታ። "ምን እየሆንሽ ነው?"

ሮሐ እናቷን ታውቃቸዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት በሳንባ ምች ታመው ሐኪም ወተት ሲያዝላቸው፣ "ረቡዕ ይለፍ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሴት ናቸው። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አርብን ሽረው አያውቁም።

እማማ ወለተማርያም አማተቡ። ኩባያውን አነሱና ሳይተነፍሱ ጨለጡት።

ባዶውን ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"እማዬ፣ አርብ ነው" አለች ሮሐ፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነ።

"አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ እሷን እያት።"

ሮሐ ዞረች። ልዩ እማማ ወለተማርያምን አልነበረም የምታየው፤ የምታየው የኩባያውን ሥር ነበር።

"ሁሉንም ጠጡት?" አለች ልዩ በቀስታ። "የሰባቱንም?"

ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ሮሐ እንዴት እንደደረሰች ሳይታወቅ የልዩን ክንድ ይዛ ነበር። "ምንድን ነው ያደረግሽበት? ተናገሪ!" ልዩ ወደ ዳይፐሩ ካርቶን ሄዳ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጣች።

"የማሳከክ መድኃኒት ነው። ማንም ሰው ይገዛዋል" አለች። "ትንሽ ትንሽ ነው። ኑሕ ብቻ ትናንት አልተኛ ብሎ ሲያለቅስ፣ ጋሽ ወልዱ በራቸውን ከፍተው ወጡ። ዛሬ ትንሽ ጨመርኩለት።"

ሮሐ ጠርሙሱን ነጥቃ፣ ኑሕን ታቅፋ፣ ነጠላ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወጣች። ሆስፒታሉ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። የግቢው በር ተከፍቶ ቀረ።

እማማ ወለተማርያም ያልታያቸው ነገር የታያቸው ያን ጊዜ ነው። ስድስት ልጅ ተኝቷል። ሮሐ የለችም። እሳቸው የሰባት ልጅ ትራፊ ጠጥተዋል። ነቅታ የምትቆየው ልዩ ብቻ ናት።

"ውጪልኝ ከቤቴ" አሉ።

"መያዣዬን ይስጡኝና።"

"ገንዘቡ ሮሐ ጋ ነው፤ የቆለፈችበት ቁልፍ የት እንዳለ እኔ አላውቅም።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለች ልዩ። አልተቆጣችም። "እናቴ ቤት የሚላክ ነው፤ ያለ አምስት ሺዬ የትም አልሄድም። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ኖት እማማ። አንድ ቀን ከመቱ የለም ያሉኝም እርስዎ ኖት።" ወደ ሳሎኑ በር ሄዳ፣ በልጆቹና በደጁ መሐል፣ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

እማማ ወለተማርያም ምላሳቸው መክበድ ጀምሯል፤ የመስኮቱ ብርሃን ጫፍ ጫፉ ይሟሟል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ በልዩ ጉልበት ላይ ተሻግረው ወጡ። ወጥ ቤት በር ላይ የሙቀጫው ዘነዘና ቆሟል። አንስተው የአጥሩን ቆርቆሮ ባላቸው ጉልበት መቱት። ደግመው መቱት።

"ማነው እሱ!" አሉ አቶ ወልዱ ከወዲያ። "ደግሞ በተራችሁ እናንተ ልትደበድቡኝ ነው?"

"አቶ ወልዱ፣ ይድረሱልኝ። አሁኑኑ ይምጡ።"

ሽማግሌው በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በተከፈተው በር ገቡ። "እኔ እኮ ክስ አላቀረብኩም" አሉ ሳይጠየቁ። "ሰሞኑንማ ዝም ሲሉ፣ ልጆቹን ሌላ ቦታ የወሰዳችኋቸው መስሎኝ ነበር።"

"እዚሁ ናቸው። መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። እኔም ጠጥቻለሁ፤ ልተኛ ነው።" ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጧቸው። "ይቺ ልጅ እጇን እንዳታሳርፍባቸው። በዚያ ከዘራዎ ወለሉን ይምቱ፤ ይጩኹ፤ ያስነሷቸው። ያልቅሱ።"

አቶ ወልዱ ልዩን አዩ፤ ልጆቹን አዩ።  ከዚያ መሐል ሳሎን ቆመው ወለሉን በከዘራቸው ይቀጠቅጡት ጀመር።

እማማ ወለተማርያም በርጩማቸው ላይ ሲወድቁ ስልካቸው ጮኸ። ሮሐ ነበረች።

"እማዬ፣ ሐኪሞቹ ይዘውታል። ሁላችሁንም እንዳመጣችሁ ነግረውኛል፤ መኪና ይዤ እየመጣሁ ነው። እንዳትተኚ፤ ሰማሽ? እንዳትተኚ።"

ከሮሐ ድምፅ ኋላ የሆነ ነገር ይሰማል። እማማ ወለተማርያም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ቀጭን ነው፣ ሰልሏል፤ ግን ለቅሶ ነው። የኑሕ ለቅሶ። ሦስት መቶ ብር ከፍለው ያጠፉት ድምፅ።

"አንድ" አሉ።

ከዘራው ወለሉን ይመታል። ልዩ ደፉ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ከፍራሾቹ በኩል አንዱ ተነጫነጨ፤ አክሊል ይሁን ሌላ አልለዩትም። "ሁለት" አሉ። ሦስተኛውን ለመስማት ዓይናቸውን በጣታቸው ገልጠው ይዘው፣ ጠበቁ።