የማንም ስም ሳይነካ

ምንይሉ በቢቸና ወጣት ማዕከል አሮጌ ኮምፒውተሮች የተቀመጡባትን ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ፕሮግራም መማሪያ ለማድረግ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ጠንቷል። የማዕከሉ ኃላፊ ጋሼ ሐብታሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ክፍሏን የእግር ኳስ ማሳያ ሊያደርጋት የሚፈልግ ነጋዴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷቸዋል። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩት። በእነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች እውነተኛ ፕሮግራም ሲሠራ እስከ ቅዳሜ ካላዩ ክፍሏ የነጋዴው ናት። ቁልፏንም ከራሳቸው ቁልፎች ጋር እንዳንጠለጠሉ ያዙት።

የከተማው ኢንተርኔት ትልቅ ፋይል መሃል ላይ እያቋረጠ አስቸገረው። ስለዚህ ሞጣ ሄዶ ከኮሌጅ ጓደኛው ከብሩክታይት ኮድ የሚጻፍበትን ኤዲተርና የተጻፈውን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር በሀርድ ዲስክ ገልብጦ መጣ። ብሩክታይት ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑ ፋይሎችን ከኮሌጅ ጀምራ ስታጠራቅም ጓደኞቿ ሁሉ ይስቁባት ነበር፤ እሱም ስቋል።

ኤዲተሩ ያለ ችግር ተከፈተ። ኮምፓይለሩ ግን ስም ተቀብላ ሰላምታ የምትመልስ ትንሽ ፕሮግራም እንኳ ለመሥራት እምቢ አለ፤ ገጹ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ያው ነው። ዓርብ ደውሎ ሲነግራት፣ ምን እንደሚል ጠየቀችው። አይሠራም ነው የሚለው፣ አላት። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከተፍ አለች።

ብሩክታይት ደብረ ወርቅ ንባብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ልጅ ናት። እሳቸው ዘንድ ተማሪ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ያነባል፤ ከተሳሳተ ያንን ሳያቀና ወደ ታች አይወርድም። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ማውሱን ሳትነካ፣ «በል አንብብልኝ» አለችው።

«ይህን ሁሉ?»

«የመጀመሪያዋን መስመር። ጣትህን አድርግ እንጂ፤ ምነው፣ አፈርክ?»

እየሳቀ ጀመረ። የፋይሉን አድራሻ እያነበበ ሲሄድ ጣቱ መሃል ላይ ቆመ። የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረዋል።

«እዚህ ቦታ ምን መኖር ነበረበት?»

ትንሽ አሰበና፣ «አየሁሽ» አላት።

አየሁሽ ለመማር ከተመዘገቡት ልጆች አንዷ ናት። ልጆቹ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ በስማቸው እንዲቀበላቸው ብሎ እያንዳንዱን በአንድ ተማሪ ስም፣ በአማርኛ ፊደል ሰይሞት ነበር። ኮምፓይለሩም ሲጫን በዚያው ስም ፎልደር ውስጥ ገባ። እሱ ግን በፋይል አድራሻ ውስጥ የእኛን ፊደል ማንበብ አይችልም፤ ስሙ ጋ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋበታል።

ምንይሉ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ሊቀይራቸው እጁን ሲዘረጋ ያዘችው።

«ተው፣ የማንንም ስም አትንካ። ማንበብ ያቃተው እሱ ነው፤ እሱን እናዛውረው።»

ኮምፓይለሩንና የተጻፈውን ኮድ ከስሞቹ ውጪ፣ ዲስኩ ላይ በቀጥታ፣ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ያለው ፎልደር ከፍታ እዚያ አስቀመጠች። ኤዲተሩም ከዚያ እንዲፈልገው አዲሱን አድራሻ ሰጠችው። ሞከሩት። አሁንም እምቢ አለ። ምንይሉ በሩን በሩን ማየት ጀመረ። እሷ ፊቷ እንኳ አልተለወጠም፤ አንብብ፣ አለችው ደግማ። የጥያቄ ምልክቶቹ አሁንም አሉ፤ አድራሻው ግን ሌላ ነው። ኮምፓይለሩ እየሠራ ለጊዜው የሚጽፋቸውን ፋይሎች የሚያኖርበት ቦታ ያው በአየሁሽ ስም ሥር ቀርቷል። ይህን ራሱ ምንይሉ አገኘው። እሷ ብድግ ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት፤ እሱም ያንን ቦታ ወደ አዲሱ ፎልደር አዛወረው።

ጋሼ ሐብታሙ ሲገቡ ነጋዴው ሜትር ይዞ ተከትሏቸው ነበር፤ ሰላምታም ሳይሰጥ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ምንይሉ ጋሼን እንዲቀመጡ ለመናቸው። ስክሪኑ ላይ ስም የምትጠይቅ ትንሽ መስኮት ተከፍታለች። መነጽራቸውን አድርገው ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉና «ኢንተር» የሚለውን ተጫኑ። «እንደምን ዋሉ፣ ሐብታሙ» የሚል መጣ።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«እዚሁ ነው የተሠራው፣ ጋሼ። አሁን።»

ስማቸውን አጥፍተው የባለቤታቸውን ጻፉ። ለእሷም ሰላምታ ሲመጣ ሳቁ። ከዚያ ከቁልፎቻቸው መሃል አንዷን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ሜትርህን ጠቅልል፣ ወንድሜ። ሌላ ቤት እንፈልግልህ።»

ምንይሉ ብሩክታይትን መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። በኮሌጅ የሳቀባትን አንስቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር፣ ገና የቀሩት ኮምፒውተሮች እንዳሉ አስታወሰችውና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ተመልሶ ክፍሉን በራሱ ቁልፍ ከፈተ። ታደለ የሚል ስም ያለበትን ኮምፒውተር አስነስቶ ተቀመጠ፤ ቀዩ ጽሑፍ ሲመጣም ጣቱን የመጀመሪያዋ መስመር ላይ አደረገ።