የሙያ ዕቁብ

ወልድያ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የአስካለ ጋራዥ፣ መኪና ታመመ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ዓለምነህ ነበር። ረጅሟን ካቻቢቴ ያነሳል፣ ጫፏን ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ኩችኔታው ነው» ይላል፤ ሲፈታም ኩችኔታው ሆኖ ይገኛል። እንዴት እንዳወቀ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ሙያ በልብ ነው!»

አስካለ ባሏ ሞቶ ጋራዡ እጇ ላይ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ የተነሳችው በዚህ ድብብቆሽ ላይ ነበር። አንዱ መካኒክ ዋናውን ሥራ ሲሠራ ጀርባውን ለባልደረባው ይሰጣል፤ ሌላው ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ «እስቲ ሻይ አስመጣ» ብሎ ጓደኛውን ያርቀዋል። «የገንዘብ ዕቁብ ትጥሉ የለ? የሙያ ዕቁብስ ብትጥሉ ምን ትሆናላችሁ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው የሚያውቀውን አንድ ነገር ለሁሉም ያሳያል። መጀመሪያ ተሳሳቁበት። ኋላ ግን ናሆም የፍሬን ዘዴውን፣ አሚር የመብራት ሥራውን ሲያወጡ ኩርፊያው ቀነሰ፤ ምሳም አብረው መብላት ጀመሩ። ዓለምነህ ብቻ ዕጣው በደረሰው ቁጥር ለሁሉም ሻይ ይጋብዝና በቀልድ ያልፋል።

«ስስታም!» ይሉታል ከኋላው። ስስት ግን አልነበረም። ሰውየው የሞተርን ድምፅ የሚያውቀው በሚስቱ በእታፈራሁ ነበር። ኩችኔታው ያለቀበት ሞተር፣ እታፈራሁ ጓሮ ሆና በርበሬ ስትወቅጥ ነው። ቫልቩ የላላ ሞተር፣ በነጠላ ጫማዋ ግቢውን ስትሻገር። ነዳጅ በደንብ የማይደርሰው፣ ያን የመጨረሻ ክረምት ያሳለፈችበት ደረቅ ሳል። ጤነኛው ሞተር ደግሞ ጎህ ሲቀድ፣ እሱን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ ውዳሴ ማርያም ስትደግም። ተቀብራ እንኳ ዓለምነህ ሚስቱን የሚያገኛት በካቻቢቴዋ በኩል ነበር። ይሄ ታዲያ በየትኛው አፍ ለመካኒክ ይነገራል?

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ጆሮው ሲሄድም እንደዚያው ነበር። መጀመሪያ ሹክሹክታው ጠፋ። ቀጥሎ ነጠላ ጫማው። ዓለምነህ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ የሰው ከንፈር እያየ መልስ መስጠት ለመደ። ጆሮ የሌለው መካኒክ ማን ያስጠጋል ብሎ ፈራ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀጫዋ ገና ትሰማዋለች፤ እሷ ላይ ሙጭጭ አለ።

አንድ ማለዳ ሳሙኤል የሚባለው የመርሳ መስመር ሾፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ዘይቱን የቀየረችለት ብሌን ነበረች፤ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ የመጣች፣ ለመጠየቅ የማትሰለች መካኒክ። ሞተሩን አስነስታ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ዓለምነህን በምልክት ጠራችው።

«ጋሼ፣ አንዳች የሚንኳኳ ነገር አለ። እስቲ አንቱ ይስሙልኝ።»

ከንፈሯን አይቶ ገባው። ካቻቢቴዋን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ምንም። ጫን አደረጋት። አሁንም ምንም። ሙቀጫዋም ሄደች ማለት ነው። አልሰማሁም ማለት ግን ሞት መሰለው።

«ጤነኛ ነው፤ ልቀቂው!» አለ።

ሚኒባሱ ሲሪንቃ ሲደርስ ሞተሩ ተሰብሮ ቆመ። እግዜር ሲያተርፍ ሰው አልተጎዳም። ከሰዓት በኋላ በገመድ ተጎትቶ ሲገባ ሳሙኤል ከመኪናው ቀድሞ በጩኸት ገባ። «እንጀራዬን ገደላችሁት! ማነው የነካው?»

የነካችው ብሌን ናት። አስካለ ልጅቷን መሐል ግቢ ላይ አቆመቻት። ዘይቱን በልኩ ሞልታ እንደነበር ጠየቀቻት። ብሌን «ሞልቻለሁ» አለችና ዓለምነህን አየችው። አንዲት ቃል ብትጨምር ነገሩ ያበቃ ነበር። አልጨመረችም፤ በሰው ፊት ሽማግሌ ማዋረድ አልሆንልሽ አላት።

«በይ ቱታሽን አውልቂ። ከዛሬ ወዲያ እንዳላይሽ» አለች አስካለ።

ዓለምነህ ይህንንም ከንፈሯ ላይ አነበበው። ብሌን አንገቷን ደፍታ የቱታዋን ቁልፎች መፍታት ጀመረች። ዝም ቢል ነገም ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ክብሩም አለ፤ ልጅቷ ግን የለችም። እታፈራሁ ብታየው ምን ትለው እንደነበር ያውቃል። ፊቷን ታዞርበት ነበር።

«አስካለ፣ ተያት» አለ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ግቢው ሙሉ ሰማው። «ልጅቷ ሰምታ ነግራኛለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ ሄዷል።»

አስካለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯን እንዲያይላት ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ «ምነው ዓለምነህ፣ እኛ ባዳ ነን?» አለችው። ያኔ ነው ዓለምነህ ያለቀሰው። አስካለ ብሌንን ይቅርታ ጠየቀቻትና «በዚህ ቅዳሜ ዕጣ አይወጣም፤ ተራው ያንተ ነው» አለችው።

ቅዳሜ ሁሉም ከበቡት። ዓለምነህ ካቻቢቴዋን ለብሌን ሰጠና አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ሙቀጫውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ሳሉን። ሹክሹክታው ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ እሱንም ሰጠ። ማንም አልሳቀም። አሚር፣ ያ ቀልደኛው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ አጥሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ ቋንቋ አወጣ። «እታፈራሁ እየወቀጠች ነው!» ይላል ናሆም ከአንዱ ጥግ። «ኧረ የኔዋ እያሳለች ነው!» ይመልሳል አሚር። ማንም ዘዴ አይደብቅም፤ ያልገባው ብሌንን ይጠራል፣ ብሌን ያልገባትን ዓለምነህን ትጠይቃለች፤ የሰማችውን በእጇ እያሳየች፣ እየወቀጠች፣ እየተራመደች። እሱም ከእጇ አይቶ በሽታውን ይነግራታል። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

የሳሙኤል ሞተር ተሠርቶ ያለቀ ዕለት አስነሱት። ብሌን እጀታዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ እንደሱ። ሌሎቹም ተጠጉ። ዓለምነህ ፊቷን ፊቷን ያያል። ብዙ ቆየችበት። ዓይኗን ስትገልጥ እንባ አቅርሯል፤ እንዲያነበው ቀስ ብላ፣

«ጋሼ፣ ውዳሴዋን እየደገመች ነው» አለችው።

ዓለምነህ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሙቀት ነበረው፤ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ሳይቀር ጋራዡ ሙሉ እታፈራሁን ቆሞ ይሰማታል። ከእሱ በቀር።